መንገድ፣ እንግዳ፣ ንግድ

«መንገድ»፣ «እንግዳ» እና «ንግድ» የሚሉት ሦስት ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በግእዝ «ነገደ» ማለት ሄደ፣ ተጓዘ፣ ሸቀጥ ይዞም ከአገር ወደ አገር ተዘዋወረ ማለት ነው። መንገድ የሚኬድበት ነው፤ እንግዳ ሄዶ የደረሰው ነው፤ ነጋዴም እየሄደ የሚሸጥና የሚለውጠው ነው። የጥንት ሰዎች እንግዳውንና ነጋዴውን በአንድ ሥር መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። በዚያ ዘመን ከሩቅ አገር የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥ ነገር ይዞ የመጣ ነበርና። በዛሬው ዘመን ግን ባዶ እጁን የሚመጣው እንግዳ በዝቷል። እንዲህ ያለው እንግዳ በደረሰበት ቦታ ሠርቶ እንዲያድር፣ ሥራውም በአንድ ክረምት የማይጠፋ እንዲሆን ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚያስፈልገው ለማብራራት እንሞክራለን።

ለዚህ የሚመች ቦታ የሐረሩ ኤረር በር ነው። ሐረርን የከበበው የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ የተሠራ ሲሆን፣ ጥንታውያን በሮቹ አምስት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በምሥራቅ በኩል የሚገኘው ኤረር በር ነው፤ ሐረሪዎች በቋንቋቸው አርጎብ በሪ ይሉታል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ላይ ወደ ከተማዋ የገባው በዚህ በር እንደ ሆነ ይነገራል። እርሱም ከዘይላ የተነሣው ሙስሊም ነጋዴ መስሎ ነበር። የማያውቁት አገር ለመግባት ከሁሉ የሚሻለው ልብስ የነጋዴ ልብስ እንደ ሆነ ተረድቶ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በበሩ አካባቢ ከኤረር ሸለቆና ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ የኦሮሞ ገበሬዎች ጫት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ማገዶ ይሸጣሉ፤ የከተማው ሰው ይገዛል፤ ቸርቻሪውም በመካከል ቆሞ ያተርፋል። አዲስ ሰው ገብቶ ሊቆም የሚችለው በዚሁ በመካከለኛው ቦታ ነው። ቦታው ግን ባዶ አይደለም። ነባሮች ይዘውታል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ስለ ስያሜ ጥቂት እንበል፤ ስያሜ የተሳሳተ እንደ ሆነ ትምህርቱም ይሳሳታልና። «ስደተኛ» የሚለው ቃል «ሰደደ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ተሰዶ፣ ተባሮ፣ የአገሩን ድንበር ተሻግሮ በሌላ አገር የተጠለለ ሰው ነው። «ተፈናቃይ» ግን ከድንበር አልወጣም። ድንጋይ ከመሬት እንደሚፈነቀል እርሱም ከኖረበት ተነቅሎ በገዛ አገሩ ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ ተጥሏል። «ከስደት ተመላሽ» ደግሞ ወጥቶ የገባው ነው። ከእነዚህ ሌላ በየመንደሩ የምንሰማው «መጤ» የሚል ቃል አለ። ቃሉ «መጣ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ ብቻውን ሲታይ ክፉ አይደለም፤ አነጋገሩ ግን ያቆስላል። ተማሪዎች በድርሰታችሁ ይህን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ጊዜ አስቡ።

ሐረርና አካባቢዋ ሦስቱንም ዓይነት ሰዎች አይተዋል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማስወጣት በጀመረች ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ሺህ ሰዎች ከጅጅጋና ከሌሎች ከተሞች ተነቅለው ወደ ሐረርና ወደ ዙሪያዋ መጥተዋል፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው በሐመሬሳም መጠለያ ተሠርቶ ነበር። ከመጡት መካከል የሻይ ቤት ባለቤት፣ የጫት ነጋዴ፣ ሾፌር፣ የቀን ሠራተኛ የነበሩ ሁሉ ነበሩ። ንግድን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ እንጂ እንደ ሕፃን ከሀሁ የሚጀምሩ አልነበሩም። የጠፋባቸው ዕውቀት አይደለም። ደንበኛ፣ ዱቤ ሰጪና የሚያውቃቸው ጎረቤት ነው የጠፋባቸው።

ብዙ ጊዜ ለእንደነዚህ ያሉት ሰዎች የሚሰጠው ሥልጠና ይህን ልዩነት አይመለከትም። የልብስ ስፌት፣ የፀጉር ሥራ፣ የምግብ ዝግጅት ይባልና ለሦስት ወር ትምህርት ይሰጣል። በመጨረሻም የምስክር ወረቀት፣ አልፎ አልፎም አንድ የልብስ ስፌት መኪና ይታደላል። ሙያ መማር መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን በአንዲት ትንሽ ከተማ በአንድ ቀን ሠላሳ ልብስ ሰፊዎች ተመረቁ እንበል። የሚሰፋው ጨርቅ በሠላሳ እጥፍ አይጨምርም። ነባሩ ሰፊ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፣ አዲሱ ተመራቂ ደግሞ የተሰጠውን መኪና ይሸጣል። «ሥራ ፈጠራ» የሚለው ስያሜም በበኩሉ ያሳስታል። ፈጠራ ሲባል ሰው ያላየው አዲስ ነገር ማምጣት ይመስላል። በእውነቱ ግን ከተፈናቀሉት አብዛኞቹ የሚሠሩት ጎረቤታቸው የሚሠራውን ነው፤ የሚያስፈልጋቸውም ያንኑ ሥራ ሳይከስሩ መሥራት ነው።

እንግዲህ «ዘላቂ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ በምሳሌ እንይ። አሃዞቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። ከሌላ ከተማ ተፈናቅላ የመጣች አንዲት እናት በኤረር በር አጠገብ ሽንኩርት ለመቸርቸር 3000 ብር ተበደረች እንበል። በአንድ ዙር የ2400 ብር ሽንኩርት ትገዛለች፤ ለማመላለሻ 120 ብር፣ ለመቀመጫ ቦታ 30 ብር ትከፍላለች። በመደብ በመደብ አድርጋ በሁለት ቀን ስትጨርስ በእጅዋ የሚገባው 2850 ብር ነው። ወጪዋ በጠቅላላው 2550 ብር ስለ ሆነ ትርፏ 300 ብር ነው። ማንም የሚያያት ሰው «ጎሽ፣ አተረፈች» ይላል።

ነገር ግን ይህች ሴት ልጆች አሏት። ለምግብ፣ ለቤት ኪራይና ለውኃ በቀን 200 ብር ያስፈልጋታል፤ በሁለት ቀን 400 ብር መሆኑ ነው። ስለዚህ በየዙሩ 100 ብር ከዋናው ገንዘብ ላይ ታነሣለች። ከአሥር ዙር ማለትም ከሃያ ቀን በኋላ ከ3000 ብሩ የሚቀራት ቢበዛ 2000 ብር ነው። በ2000 ብር ደግሞ የ2400 ብር ሽንኩርት አይገዛም። ሸቀጡ ሲያንስ ትርፉ ያንሳል፣ ትርፉ ሲያንስ ከዋናው የሚነሣው ይበዛል። ከሁለት ወር በፊት ንግዱ ያልቃል፤ ብድሩ ግን አያልቅም። ሴትዮዋ ሰነፍ ስለ ሆነች ወይም ንግድ ስላልገባት የደረሰ ነገር አይደለም። ትርፏ በየቀኑ እየታየ ነው የከሰረችው።

ጥሩ መምህር ይህን ስሌት ከሴትዮዋ ጋር ቁጭ ብሎ ይሠራል። በመጀመሪያ ሁለት ቦርሳ እንድትይዝ ያስተምራታል፤ አንዱ የዋናው ገንዘብ፣ ሌላው የትርፍ። ጽሕፈት የማታውቅ ብትሆን እንኳ ሁለቱን ቦርሳዎች አትስታቸውም። ቀጥሎም ወጪው የሚቀንስበትን መንገድ ይፈልጋሉ። ከጎረቤት ነጋዴ ጋር አብራ ብትጭን ማመላለሻው 60 ብር ይሆንላታል፤ ትርፉም ወደ 360 ብር ከፍ ይላል። የሚበላሸውን ሽንኩርት ሳያድር በማታው በቅናሽ ብትሸጥ ሌላ ጥቂት ይጨመራል። ይህም ሆኖ 400 ብር አይሞላም። ለጎደለው 40 ብር ሁለተኛ ሥራ ያስፈልጋል፤ በርበሬ አስፈጭቶ መሸጥ ይሁን፣ ጠዋት ሻይ ማፍላት ይሁን፣ እርስዋ ታውቃለች። ወይም ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚሸፍን የእህል ርዳታ ያስፈልጋል። ብዙ የርዳታ ሥራ የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ብድሩ በተሰጠ ማግስት «አሁን ራስሽን ችለሻል» ተብሎ ስንዴው ሲቋረጥ፣ ብድሩ ወዲያው ወደ ስንዴ ይለወጣል። ርዳታና ንግድ እየተደራረቡ ጥቂት ወራት ቢሄዱ ኖሮ ዋናው ገንዘብ ሥር ይሰድ ነበር።

ከስሌቱ የሚከብደው ዋስ ማግኘት ነው። በአገራችን ገንዘብ የሚገኝበት የታወቀው መንገድ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ አባላቱ በየሳምንቱ ይከፍላሉ፤ ዕጣ የደረሰው ይወስዳል። ይሁን እንጂ ዕጣው የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ወስዶ ቢጠፋ የሚከፍልለት ማለት ነው። ትናንት የመጣ እንግዳ ዋስ ከወዴት ያመጣል? በሐረሪዎች ዘንድም ለሠርግና ለሐዘን የሚረዳዱበት አፎቻ የሚባል ማኅበር አለ። ይህም እንደ እድርና እንደ ዕቁብ ሁሉ በትውውቅ ላይ የቆመ ነው። እነዚህ ማኅበራት ከማንኛውም ባንክ የበለጠ ለድኻ የቀረቡ ናቸው፤ ለማያውቁት ሰው ግን በራቸው ጠባብ ነው። ሊወቀሱ አይገባም፤ ገንዘቡ የራሳቸው ነው። ስለዚህ ሥልጠና የሚሰጥ ወገን በወንበር ላይ ያስቀመጣቸውን ሠልጣኞች እርስ በርሳቸው አስተዋውቆ፣ በመካከላቸውም ነባር ነዋሪዎችን ቀላቅሎ አነስተኛ ዕቁብ ቢያስጀምራቸው፣ ከስድስት ወር በኋላ ሰውየው ያላንዳች ጥናት የሚዋስለት ሰው ያገኛል። እኔ እንደሚመስለኝ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

የዋስ ጉዳይ በሕግ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። በ2002 ዓ.ም. መንግሥት ኤርትራውያን ስደተኞች ከመጠለያ ውጭ በከተማ እንዲኖሩ በፈቀደ ጊዜ፣ ፈቃዱ የሚሰጠው የሚያኖራቸው ሰው ላላቸው ነበር። ዘመድ ያለው አዲስ አበባ ገባ፣ ዘመድ የሌለው በመጠለያ ቀረ።

ከድንበር ማዶ የመጣው ስደተኛ ከተፈናቃዩ የሚለይበት ነጥብ አለ፤ ሊሠራ የሚችለው ሕግ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1951ን የስደተኞች ስምምነት በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስትቀበል፣ ደመወዝተኛ ሆኖ ስለ መሥራት የሚናገረውን አንዱን ንዑስ አንቀጽ እንደ ምክር ብቻ እንደምትመለከተው አስታውቃ ነበር። ለብዙ ዓመታትም ስደተኛው በመጠለያ ተቀምጦ ስንዴ የሚጠብቅ ሆኖ ቆየ። ይህን የለወጠው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ዕውቅና ያገኘ ስደተኛ በግብርና፣ በኢንዱስትሪ፣ በአነስተኛና ጥቃቅን ተቋማት፣ በዕደ ጥበብና በንግድ ሊሠማራ ይችላል፤ የባንክ ሒሳብ መክፈትም ተፈቅዶለታል። ሕጉ የሚሠራው ግን ለሌሎች የውጭ ዜጎች በተፈቀደው መጠንና በሚወጡት መመሪያዎች መሠረት ነው። ስለዚህ ለስደተኛ ንግድ የሚያስተምር ሰው የመጀመሪያው ትምህርቱ ፈቃዱ ከየት እንደሚወጣ፣ በምን መታወቂያና በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ መሆን አለበት። ይህን ሳያስተምሩ ስለ ትርፍና ኪሣራ ማስተማር ሰው ሠርቶ እንዲከሰስ ማዘጋጀት ነው።

ፈቃድ ባይኖርም ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ1980 ዓ.ም. በሐርጌሳና በቡርዖ በተነሣው ውጊያ ምክንያት እጅግ ብዙ ሶማሊያውያን ድንበር ተሻግረው በሐርቲ ሼክ ሰፈሩ። መጠለያው በአንድ ወቅት ከ250 ሺህ የማያንሱ ሰዎችን የያዘ፣ ከዓለም ታላላቅ የስደተኞች መጠለያዎች ቀዳሚ የተባለ ነበር። ባዶ ሜዳ ላይ ገበያ ቆመ፤ ጨርቅና የቤት ዕቃ ከባሕር ዳር እየመጣ ይሸጥበት ጀመር። ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም፤ ያመጡት የንግድ ዘመድ ነበራቸው። ከዚያም ሰላም እየሰፈነ ሲሄድ ሰዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ መጠለያውም በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። የሐርቲ ሼክ ነጋዴዎች የነበራቸው ነገር ኤረር በር ላይ ቁጭ ያለችው የሽንኩርት ነጋዴ የሌላት ነው፤ ሸቀጥ በዱቤ የሚልክ ዘመድ።

በትምህርትና በገንዘብ ተደግፎ የተደረገውን ሙከራ ለማየት ከሐረር ወደ ደቡብ ርቀን ወደ ዶሎ አዶ መሄድ አለብን። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በዚያ አምስት መጠለያዎች ተከፈቱ፤ ቦኮልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂሎወይንና ቡራሚኖ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ውስጥ አይኬያ የተባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ኩባንያ ድርጅት ያቋቋመው ፋውንዴሽን ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በዚያ አካባቢ አዋለ። ከገናሌ ወንዝ ቦይ ተቀድዶ መሬት ለመስኖ ተዘጋጀ። የእርሻ፣ የከብት ሽያጭ፣ የማገዶና የፀሐይ ኃይል የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ አነስተኛ ብድርም ተጀመረ። በእርሻው ማኅበራት ውስጥ ስደተኛውና የአገሩ ሰው አብረው አባል ሆኑ። ከማገዶው ሥራ አንዱ ፕሮሶፒስ የተባለውን መጥፎ መጤ ዛፍ ቆርጦ ወደ ታመቀ ከሰል መለወጥ ነው፤ አረሙም ይቀንሳል፣ ሌላው ዛፍም ከምሣር ይተርፋል። ማንም እንግዳ በባለአገር ላይ ሸክም ሆነ ብሎ የማያማርርበት ሥራ ማለት ይህን የመሰለ ነው።

ዶሎ አዶ ግን ከትልልቅ ከተሞች በጣም የራቀ ነው። ሽንኩርቱን የሚገዛው በአብዛኛው እዚያው ያለው ሕዝብ ነው፤ ያም ሕዝብ ኪሱ የተሞላው ከርዳታ ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ለስደተኞች የሚታደለው ምግብ ለወራት ሲቋረጥ፣ እንዲህ ያለ ገበያ ምን ያህል በአንድ ክር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ማየት ይቻላል። ሙያውም ማኅበሩም ሳለ ገዢው ከጠፋ ንግድ የለም። ኤረር በር በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ድኻ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ነገር ግን ገዢው የከተማ ሰው ነው።

ታሪካችን ውስጥ ሁሉም ነገር የተሟላለት አንድ ምሳሌ አለ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ ከቱርክ እልቂት ተርፈው በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። አርባውን ልጆችም ለማስመጣት ተስማሙ፤ «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው። ልጆቹ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ሲገቡ ውል ነበራቸው፣ ደመወዝ ነበራቸው፣ መሣሪያቸው በእጃቸው ነበር፤ ሙዚቃቸውን የሚፈልግ ቤተ መንግሥትም ነበር። ናልባንዲያን ኋላ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ያገለገለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ልጆቹ ከሌሎች ስደተኞች በተፈጥሮ የበለጡ ስለ ሆኑ አይደለም። ሙያ፣ ዋስና ገዢ በአንድ ቀን ተገናኙላቸው።

እኛም ስደተኛ ሆነን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ዶክተር ፀሐዬ ተፈራ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት በአርሊንግተን ያቋቋሙት የኢትዮጵያውያን የልማት ምክር ቤት፣ ከጊዜ በኋላ ለስደተኞች የሚያበድር ክፍል አቋቁሟል። ክፍሉ ሲያበድር አብሮ ይመክራል፤ በባንክ ዘንድ ታሪክ የሌለውን ሰው ታሪክ እንዲኖረው ያደርጋል። ኢትዮጵያዊውን ብቻ ሳይሆን ከየትም የመጣውን ስደተኛ ያገለግላል። የዕቁብን ዋስ ወደ ጽሕፈት አሳደጉት ብንል ያስኬዳል።

የቀረን የቋንቋ ነገር ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የገባበት ምክንያትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በኤረር በር የሚነግድ ሰው ከገበሬው በኦሮምኛ ይገዛል፤ ለሐረሪዋ እመቤት በሐረሪ ቋንቋ ቢሸጥላት ደስ ይላታል፤ ከምሥራቅ የመጣ ደንበኛ በሶማሊኛ ይጠይቀዋል፤ ማመልከቻውን ግን ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይጽፋል። የቁጥርና የዋጋ ቃላትን በአራት ቋንቋ ለመማር ከሁለት ሳምንት በላይ አያስፈልግም፤ ይህን የሚያስተምር ሥልጠና ግን አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። ማመልከቻ መጻፍ ረዘም ይላል። የመታወቂያ ጥያቄ፣ የመሸጫ ቦታ ጥያቄ፣ የብድር ጥያቄ በአጭሩ፣ በቅደም ተከተል፣ የሚፈለገውን በመጀመሪያው አንቀጽ አስቀምጦ ይጻፋል። ሌላው ቀርቶ የሽንኩርት ነጋዴዋ የሒሳብ ደብተር ራሱ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ቀን፣ የተገዛው፣ የተሸጠው፣ የተበላው፣ የቀረው ተብሎ በአምስት ዓምድ ይሰመራል። «የተበላው» የሚለውን ዓምድ የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው።